የቦስት ባንኩ ሠራተኛ

እናቴ ስምንት ዓመት ሙሉ ባንክ የምሠራ ይመስላት ነበር። ዋሽቼያት አይደለም፤ ይህን አስቀድሜ ለራሴ ጠበቃ ሆኜ ልናገር። እኔ የነገርኳት እውነቱን ነው፣ እሷ የሰማችው ሌላ ነው፣ እኔ ደግሞ አላረምኳትም። ለንስሐ አባቴ የተናዘዝኩትም አለማረሜን ብቻ ነው። እሳቸውም ነገሩ በቅጡ ስላልገባቸው ስግደቱን ቀለል አድርገው ሰጡኝ።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎች መጀመሪያ አሜሪካ፣ ቤልትስቪል በሚባል ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚሉትን የዕቃ ማንሻ መኪና እነዳ ነበር። አብሮኝ የሚሠራ መላጣ አሜሪካዊ ቀኑን ሙሉ በትንሽ ቴፕ የሚያጫውተው ካሴት ነበረው። ጊታሩ ቆርቆሮ በቆርቆሮ እንደሚፋቅ ይጮኻል፤ ዘፋኙ ደግሞ የሚዘፍን ሳይሆን ከጎረቤቱ ጋር በአጥር የተጣላ ይመስላል። በመጀመሪያው ሳምንት ራሴን አሳመመኝ። በሁለተኛው ሳምንት ሰውዬው ቴፑን ቤት ረስቶ ሲመጣ ተናደድኩ። ምን እንደሚባል ብጠይቀው «ፖስት ፓንክ» አለኝ፤ ከፓንክ በኋላ የመጣ ማለት ነው። እኔ ፓንክ የተባለው ሲመጣም ሲሄድም አልነበርኩም። ግን ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ መድረስ ልማዴ ስለሆነ ስሙ ተስማማኝ።

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ እንዲሉ፣ እኔም ባንድ አቋቋምኩ። እዚያው አቅራቢያ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ጓደኛዬ ቤዝ ጊታር ነበረው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ቤዝመንት፣ ማለትም ምድር ቤት ነበረው። ከበሮ የሚመታልን ከጌይተርስበርግ የሚመጣ፣ የስምንት ሰዓት ቀጠሮ ይዞ በአሥር ሰዓት የሚደርስ ወዳጃችን ነው። በዚያን ጊዜ እዚህ አገር የሀበሻ ሙዚቃ ማለት አንድ ሰው ከአንድ ኪቦርድ ጋር ነበር። ሰውዬው አንዱን ቁልፍ ሲጫን ከበሮ፣ ሌላውን ሲጫን ሳክስፎን፣ ሦስተኛውን ሲጫን ማሲንቆ ይወጣል፤ ሠርጉም ክርስትናውም በእሱ ያልቃል። እኛ ይህን አምርረን ጠላን። ኪቦርድ የሚባል ነገር የቤዝመንቱን ደረጃ እንዳይወርድ ሦስታችንም «ሚካኤልን!» ብለን ማልን። የመጀመሪያ አልበማችንን በጊታር ብቻ እዚያው ቀድተን፣ ሲዲውን በቤት ኮምፒውተር አባዝተን፣ ሽፋኑን ፎቶኮፒ አደረግን። ከዘመድ በቀር የገዛን የለም፤ ዘመድም አንዴ ከሰማ በኋላ ስልካችንን ማንሳት ተወ።

ሲቲዝን እንደሆንኩ እናቴን አስመጣኋት። ዲቪ ሲደርሰኝ አካውንቲንግ ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ። ያኔ ያለቀሰችው ለመሄዴ ሳይሆን ትምህርቱን ለማቋረጤ ነበር። አሌክሳንድሪያ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ያለው አፓርታማዬ በገባች በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ጊታሬን ከነሳጥኑ አንጠልጥዬ ስወጣ በር ላይ ያዘችኝ።

«ወዴት ነው?»

«ሲልቨር ስፕሪንግ። ልጆቹ ይጠብቁኛል።»

«መጋዘኑ ሌላ ቦታ ነው ብለኸኝ አልነበር? እዚያ ደግሞ ምንድነው የምትሠሩት?»

«ፖስት ፓንክ ነው የምንሠራው፣ እማዬ።»

«ቦስት ባንክ?»

በእናቴ አፍ ፖሊስ ቦሊስ ነው፣ ፖስታም ቦስታ። «ፐ» የምትባለው ፊደል ለእሷ ከንፈር ባዕድ ናት። ገና አፌን ከፍቼ ሳልጨርስ ፊቷ ሲፈካ አየሁት፤ ከአውሮፕላን ስትወርድ እንኳ እንደዚያ አልፈካም። «ተመስገን! ያ ትምህርት ባክኖ አልቀረማ!» አለች። «ቅዳሜም ይከፈታል? መቼም አሜሪካ ነው» ብላ ደግሞ ለራሷ መለሰች። ሁለት ሥራ የማይሠራ ሀበሻ ስለሌለ ነገሩ ምንም እንግዳ አልሆነባትም። ወደ ሳጥኑ እየጠቆመች «ይሄስ?» ብትለኝ «የሥራ ዕቃ ነው» አልኳት። እሱም እውነት ነው። ዝም አይነቅዝም ብዬ ወጣሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ነጭ ሸሚዝ ተኩሳ፣ ሴቨን ኮርነርስ ገበያ ወርዳ የገዛችውን ሰማያዊ ከረባት በወንበር ላይ ሰቅላ ጠበቀችኝ። የባንክ ሰው በቲሸርት አይሄድም። ከረባቱን መንገድ ላይ ብፈታው ስመለስ ታውቅብኛለች፤ እኔ ደግሞ ከረባት ማሰር አልችልም። ስለዚህ እንዳሰረችልኝ ተጫወትኩ። የቤዝመንት ልምምዱም፣ አልፎ አልፎ በየመጠጥ ቤቱ የምናቀርበውም ሁሉ በከረባት ሆነ። ጓደኞቼ ስቀው ሲበቃቸው ለመዱት።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ወሬው ቀድሞን ደርሷል። «የባንኩ ልጅ» ተባልኩ። እናቴ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ስትቀመጥ ወንበሯን ትንሽ ወደፊት ሳብ ታደርግ ጀመር። ያቺን ወንበር ባየሁ ቁጥር ልነግራት ያሰብኩትን ለሚቀጥለው እሑድ አሳድረዋለሁ። እኔ ብዋረድ ግድ የለኝም። እሷ ግን ከነዚያ ሴቶች ሌላ እዚህ አገር ወዳጅ የላትም፤ እውነቱ ሲወጣ ውሸታም የምትባለው እሷ ናት።

እንዲህ እያለን ከበሮ መቺያችን ሚስት አግብቶ ዴንቨር ገባ። ቤዝ ተጫዋቹ አንድ ቅዳሜ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ድራም ማሽን፣ ማለትም በራሱ ከበሮ የሚመታ ሳጥን ተሸክሞ መጣ። «መሐላው የት ሄደ?» ብዬ ብጠይቀው «ኪቦርድ አልን እንጂ ማሽን አላልንም» አለኝ። ጠበቃ መሆን ነበረበት። ማሽኑ የሚያውቀው አራት መቁጠር ብቻ ነው፤ ችክችካ እስክናስተምረው ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ከዚያ በኋላ ግን ነፍሴ ወደደችው። አይቀርም፣ አያኮርፍም፣ ሚስት አያገባም። ባንዱ ውስጥ በሰዓቱ የሚገኝ ብቸኛው አባል እሱ ሆነ። እሱን ተከትሎ ሲንተሳይዘር ገባ፤ ጥቁር ነጭ ቁልፍ የተደረደረበት ቢሆንም ኪቦርድ አይደለም ተባብለን ተስማማን።

ማሽኑን ቤት ወስጄ ስለማመድ እናቴ አየችው። ሳጥን ነው፣ ቁልፍ አለው፣ ቀይ ቁጥር ይበራበታል። «የባንኩ ነው?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። መልሴን ሳትጠብቅ ቴሌቪዥኑን ዘጋች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በራሷ እጅ የሠራችውን ዳንቴል ታለብሰው ነበር፤ እንግዳ ሲመጣም «እሱን እንዳትነኩ፣ የባንክ ነው» ትላለች። እኔ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ቁልፉን ስጠቀጥቅ ሻይ አምጥታ በጣቷ ጫፍ እየሄደች ትመለሳለች። ጊታር ይዤ ቢሆን ኖሮ በወሩ ይነቃብኝ ነበር። ያዳነኝ ቴክኖሎጂ ነው።

ሁለተኛውን አልበም በማሽኖቹ ሠራን። እሱንማ ዘመድም አልገዛው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ቅዳሜያችን እየሳሳ ሄዶ ቆመ፤ ለእናቴ ግን ቅዳሜ ከቤት መውጣቴን አላቆምኩም። ከረባቴን አስሬ የገበያ አዳራሽ እዞር ነበር።

ከዚያ ኢሜይል መጣ። ጋራዡ ውስጥ አነስተኛ የሙዚቃ ሸክላ ማሳተሚያ ያለው አንድ ወጣት አሜሪካዊ የመጀመሪያውን ሲዲያችንን ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ አግኝቶ፣ ሁለተኛውንም አፈላልጎ፣ ሁለቱንም አልበሞች እንደገና በሸክላ ላትማቸው አለን። ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ጋብዞን ስለራሳችን አስረዳን። ከጊታር ወደ ኤሌክትሮኒክስ መሻገራችን የስደተኛ ነፍስ በማሽን መካከል መባከኗን ለማሳየት ነው አለ። ዴንቨር የገባውን ጓደኛችንን ላነሳበት አልደፈርኩም። ከረባቴማ ከሁሉ በላይ ገርሞታል፤ በቢሮ ሕይወት ላይ የተሰነዘረ ሽሙጥ ነው አለ። «የተኮሰችው እናቴ ናት» ልለው ስል ቤዝ ተጫዋቹ ከጠረጴዛው ሥር ረገጠኝ። ሽፋኑ ላይ የወጣው ፎቶዬም ያው ነው፤ በከረባት፣ ጊታር ታጥቄ፣ አፌን በልቅጬ። ፎቶው ኢንተርኔት ላይ ሲለቀቅ ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ ያዘኝ።

ብዙም አልቆየ። አንድ እሑድ አዳራሹ ውስጥ የእናቴ የቅርብ ወዳጅ የሆኑ ሴትዮ እዚህ የተወለደች ልጃቸውን እየጎተቱ መጡ። የልጅቷን ሬዙሜ በፕላስቲክ አቃፊ አድርገው እጄ ላይ አኖሩት።

«የባንኩ ልጅ፣ እስቲ ለዚች አንድ ነገር አድርግላት። እዚያ ባንካችሁ አፕላይ ታድርግ።»

«እርስዎ ያዘዙኝን እምቢ ማለት አልችልም፣ ግን እኔ እኮ…»

ልጅቷ ስልኳ ላይ የወጣውን የሸክላ ሽፋን አየች፣ እኔን አየች፣ ደግሞ ስልኳን አየች። «ማሚ፣ ኖ! ባንክ አይደለም፣ ፓንክ ነው! ፖስት ፓንክ!»

«እሱንማ ማን አጣው? ቦስት ባንክ!» አሉ ሴትዮዋ።

«ኖ፣ ማሚ! ፐ! ፐ!»

«አዎና፣ ፐ ነው እንጂ! ባንክ መሥራት ቀላል ነው?» አሉ ሌላዋ፣ አድናቆት መስሏቸው። ሴቶቹ በሙሉ «ፐ!» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ያቺ ፊደል ለካ በአድናቆት ጊዜ ትወጣላቸዋለች። ዳንኩ ብዬ ስተነፍስ ልጅቷ ተስፋ ቆርጣ ስልኩን ወደ እናቴ አዞረችው።

እናቴ መነጽሯን አደረገች። ፎቶዬን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ስልኩን መልሳ «ከረባቱ ጠምሟል» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። እስከ አሌክሳንድሪያ መንገዱን ሁሉ ብትሰድበኝ በወደድኩ።

ቤት እንደገባን «አምጣው» አለች። አልጋዬ ሥር የደበቅኩትን ካርቶን ከነሸክላ ማጫወቻው አወጣሁ። ሸክላ የወጣትነቷ ዘመን ነገር ነውና ስታየው እጇ ራሱ አወቀው፤ ጫፍና ጫፉን ይዛ፣ አቧራውን እፍ ብላ፣ ማጫወቻው ላይ አስቀምጣ መርፌውን አወረደች። እኔ ያን ያህል አሳምሬ አልችልበትም። የመጀመሪያው ዘፈን «አቤት» ይባላል። ግጥሙም ይኸው ነው፤ ጊታሩ ይፋቃል፣ እኔ ሦስት ደቂቃ ሙሉ «አቤት! አቤት!» እያልኩ እጮኻለሁ። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ እናቴ ፊት እንደዚያ ስጮህ መስማት የሚያሳፍር ነገር ነው።

«ይሄ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ማን ጠርቶህ ነው አቤት የምትለው?»

ሸክላውን ያሳተመው ወጣት ጩኸቱ ሥልጣንን መገዳደር ነው ብሎ ሽፋኑ ጀርባ ላይ ጽፎበታል። ማን ጠራህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም።

«ማንም አልጠራኝም» አልኳት። «ያኔ ማንም አይጠራኝም ነበር። መጋዘን ውስጥ በፎርክሊፍቱ ቁጥር ነው የሚያዙኝ፣ ቤት ስገባ ብቻዬን ነኝ። ስሜን ሳልሰማ ሳምንት የሚያልፍበት ጊዜ ነበር።»

«በስልክ ደህና ነኝ፣ ሁሉ ሙሉ ነው ትለኝ አልነበር?»

«ታዲያ ምን ልበልሽ?»

ዘፈኑ አለቀ። እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ አደረገች። «እኔ ስምህን ሳልጠራ ጸሎት ጨርሼ አላውቅም» አለች። ከዚያ ደግሞ ተቆጣች። «ግን እንዲህ እየጮህክ እንዴት ብለህ ትሰማኛለህ?» ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጣብኝ። ሁለተኛውን ሸክላ አስቀመጠችና ማሽኑ ሲመታ «ይሄኛው ይሻላል፣ ሥርዓት አለው» ብላ ፈረደች።

በሳምንቱ ከእሷ ጋር አዳራሽ ገብቼ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለሴቶቹ ልናገር ተነሣሁ። «አንተ አፍህን አትክፈት፣ ስትከፍተው አይተነዋል» ብላ መኪና ውስጥ ትታኝ ገባች። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ በሩን በሩን ሳይ ቆየሁ። እንዲህ ፈርቼ የጠበቅኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ስትወጣ እርምጃዋ ያው ነው፣ ፊቷም ያው ነው። ገብታ ቀበቶዋን አሰረች።

«ምን አልሻቸው?»

«ከባንክ ለቋል አልኳቸው።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ ባንክ ገብቼ አላውቅም።»

«ያስገባሁህ እኔ ነኝ፤ ያወጣሁህም እኔው ነኝ። በል ንዳ።»