እናቴ አባቴን በነጠላዋ ያሰረች ዕለት

እናቴ አባቴን በጠራራ ፀሐይ አስፋልት መሀል አስቁማ፣ የነጠላዋን ጫፍ ከካኪ ሸሚዙ ጫፍ ጋር ቋጥራ፣ እንደ ወንጀለኛ ይዛው ስትሄድ በእነዚህ ዓይኖቼ አይቻለሁ። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ። ይሳቁ! እኔ ግን ያን ዕለት ክው ብዬ የቀረሁት እስካሁን አልለቀቀኝም። እናቴ ማለት እኮ አባቴን በስሙ ጠርታው የማታውቅ፣ «አንቱ» እያለች የምታናግረው፣ ከጉዞ ሲመለስ ዝቅ ብላ እግሩን የምታጥብ ሴት ነበረች። ከዚያ ቀን በኋላ አባቴ እስኪሞት ድረስ በዚያች ከተማ መሀል መኪና ላይ ተቀምጦ አላለፈም። ረዳቱን መሪው ላይ ያስቀምጥና እሱ ከፊት ከፊት በእግሩ ይሄዳል።

ሸዋ ሮቢት ያኔ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደረች ትንሽ ከተማ ነበረች። የጃንሆይ ዘመን ነው፤ እኔ ገና ትንሹን ወንድሜን ማዘል የተውኩ፣ ትምህርት ቤት የገባሁ ልጅ ነኝ። ቤታችን ከመንገዱ በአንድ በኩል፣ ትምህርት ቤቱና የውሃው ቦኖ በሌላው በኩል። ወደ ደሴ፣ ወደ አስመራ፣ ወደ አሰብ የሚሄድ መኪና ሁሉ በደጃችን ነው የሚያልፈው። ከጣርማ በር ጀምሮ ፍሬን ሲረግጥ የመጣ ሾፌር ቆላው ላይ ደርሶ መንገዱ ሲዘረጋለት፣ ያበደ ይመስል ይለቀዋል። ከአጣዬ በኩል የሚመጣውም ያው ነው።

አባቴ ከእነዚህ ሾፌሮች አንዱ ነበር። ተሳቢ ያለው ትልቅ የጭነት መኪና ይነዳል። ያኔ ሾፌር ማለት፣ ኧረ የዛሬ ልጆች ምን ታውቃላችሁ! ሾፌር ሲገባ ባለሆቴሎቹ ከወንበራቸው ብድግ ይሉ ነበር። ሾፌር ሁሉ ደግሞ ለቤቱ የሚነፋው የራሱ ክላክስ አለው። ሚስት በድምፁ ባሏን ትለይና ወጡን እሳት ላይ ትጥዳለች። የአባቴ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም ነበር። ከተማው መግቢያ ካለው ድልድይ ላይ ይጀምራል፤ ደጃችን ሲደርስ ፍጥነቱን ሳይቀንስ በጋቢናው መስኮት ከረሜላ በእፍኙ እየዘገነ ይበትናል። የሚያቆመው ከተማው ጫፍ፣ ዕቃ የሚያራግፍበት ቦታ ከደረሰ በኋላ ነው።

እኛ ልጆች ያቺን ክላክስ ከሰማን ማን ይይዘናል? ምሳ የቀረበለት ምሳውን፣ ውሃ የሚቀዳ እንስራውን ጥሎ አስፋልት ላይ ነው። ቀሚሳችንን ለከረሜላው ሰብስበን ይዘን እንጋፋለን። ወላጆቻችን በር ላይ ቆመው ይስቃሉ፤ «ጋሼ መጡ! ጋሼ መጡ!» እያሉ ያሯሩጡናል። አንድም ሰው፣ እናቴም ብትሆን፣ ይህ ነገር ልጅ ይገድላል ብሎ አላሰበም። እኔማ በአባቴ ከመኩራቴ የተነሳ ለሌሎቹ ልጆች ቦታ አከፋፍል ነበር፤ አንቺ እዚህ ቁሚ፣ አንተ እዚያ ሂድ እያልኩ።

ጎረቤታችን ጠላ እየሸጠች አንዲት ልጇን የምታሳድግ ሴት ነበረች። እትዬ ነው የምንላት። ልጅቷ የፊት ጥርሷ ወልቆ ገና ያልበቀለላት፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ነገር ነበረች። አባቴ አሰብ በሄደበት ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከአጣዬ በኩል ክላክስ ተሰማ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። አነፋፉ ይመሳሰል እንጂ ድምፁ የአባቴ መኪና አልነበረም፤ እኔ የቤቱ ልጅ ስለሆንኩ ለየሁት። እሷ ግን «ጋሼ መጡ!» ብላ ቀሚሷን ሰብስባ በረረች። «አይደለም! ተመለሽ!» ብዬ የጮህኩት ይመስለኛል። መኪናው አልቆመም። አቧራው ሲጠራ ልጅቷ መንገዱ ላይ ነበረች፤ እጇ ቀሚሷን እንደጨበጠ ነው።

ወይ ያን ቀን! እትዬ አላለቀሰችም። ልጇን አቅፋ አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለችና ሰው ሁሉ ተነሺ ሲላት «ቆዩ፣ ትንሽ ትረፍ» ትላለች።

የሰፈሩ ወላጆች ተሰብስበው ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። የጣቢያው ሹም ምን ቢል ጥሩ ነው? «መንገዱ የመንግሥት ነው። ልጆቻችሁን ሰብስቡ!» አሁን ሳስበው እንኳ ደሜ ይፈላል። ልጆቻችንን የት እንሰብስብ? ትምህርት ቤቱ ማዶ ነው፣ ውሃው ማዶ ነው። አባቶች ተናደው ትልልቅ ድንጋይ እያንከባለሉ መንገዱን ዘጉ። ፖሊሶቹ መጥተው ድንጋዩን አስነሷቸውና እነሱንም እየገፈተሩ ወስደው አሰሯቸው። መኪናውም እንደ ልማዱ መብረሩን ቀጠለ።

ለቅሶ ቤት ነው ሴቶቹ የመከሩት። የድሮ ነገር አዋቂ የሆኑ፣ ዕድሜያቸውን በችሎት ደጅ የጨረሱ ሽማግሌ ነበሩ፤ እሳቸው ናቸው ሐሳቡን ያመጡት። «በእኛ ጊዜ ፖሊስ የት ነበር?» አሉ። «የበደለህን ሰው ‹በንጉሥ አምላክ!› ብለህ ታቆመዋለህ። እግሩን ማንሳት አይችልም። ኩታህን ከኩታው ጋር ትቋጥርና ዳኛ ፊት ይዘኸው ትሄዳለህ። ቋጠሮውን በጥሶ የሄደ ተረታ ማለት ነው፤ ሰውም እንደ ሰው አይቆጥረውም።» ይህ ደንብ በከተማው ከቀረ ቆይቷል። በዙሪያችን ባለው በቀወት ገጠር ግን ትልልቆቹ ሁሉ ያውቁታል፤ ሾፌሮቹም የገበሬ ልጆች ናቸውና ያውቁታል።

ሴቶቹ ቃል ተገባቡ። ድልድዩ ጋ ቆመው የመጣውን መኪና ሁሉ ሊያስቆሙ፣ ሾፌሩን ከአንዲት እናት ነጠላ ጋር ሊቋጥሩና ከድልድዩ እስከ ከተማው ጫፍ በእግሩ ሊያስኬዱት። በማን ልጅ ደጅ እንደሚያልፍ ይየው ተባለ። «የመጀመሪያውን እኔ ነኝ የማስረው» አለች እናቴ። ከለቅሶው ቀን ጀምሮ ፊቷ ጠቁሮ ነበር። እትዬ ማታ ማታ «ጋሼ መጡ ብላ ነው የሮጠችው» እያለች ስትናገር እናቴ አጠገቧ ተቀምጣ ትሰማ ነበርና።

በነጋታው ረፋድ ላይ ሴቶቹ ልጆቻቸውን ቤት ቤት ዘግተው፣ ለአሮጊቶች አደራ ብለው ወጡ። ትንሹ ወንድሜ አክስቴ ጋ ቀረ። እኔን እናቴ ውሃ እንድይዝላት ወሰደችኝ። የሮቢት ፀሐይ መቼም ታውቁታላችሁ፤ አስፋልቱ ጫማ ያቀልጣል። ከድልድዩ ወዲያ፣ ክላክስ ከሚነፋበት ቦታ በፊት ቆምን። ብዙም ሳይቆይ የመኪና ድምፅ መጣ። ጋቢናው ግንባር ላይ የታሰረውን ቀይ ጨርቅ ሳይ ልቤ ዘለለች።

«አባባ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እጃቸው ወረደ። «እሳቸውስ ይለፉ፣ የኛ ሰው ናቸው» አለች አንዷ። «የሚቀጥለውን እናስቁም» አለች ሌላዋ። እኔም እፎይ አልኩ። እናቴ ግን ከመሀል መንገዱ ንቅንቅ አላለችም። ጎማው እየጮኸ፣ ተሳቢው እየተንገጫገጨ መኪናው ፊቷ ቆመ። አባቴ ዘሎ ወረደ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ልጆቹ! ልጆቹ ምን ሆኑ?»

ሚስቱን እንዲያ መንገድ ላይ ያየ ሰው ሌላ ምን ያስብ? «የእኛዎቹ ደህና ናቸው» አለች እናቴ። ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ያ ድምፅ ከየት እንደመጣ እግዜር ይወቅ፣ «በጃንሆይ አምላክ! ቁም!» አለችው። ቁም! እሷ! ማሰሮው ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። እሷ ጎንበስ ብላ የሸሚዙን ጫፍ ሳበችና ከነጠላዋ ጋር ጥብቅ አድርጋ ቋጠረችው።

አባቴ ሳቀ። «አብደሻል እንዴ አንቺ?» ብሎ ወደ ሴቶቹ ዞረ፤ የሚስቅለት አጣ። ሸሚዙን ሊስብ ሲል አንዲት የአርጎባ ጎረቤታችን «ወላሂ ጋሼ፣ ቋጠሮውን ከበጠሱት ተረቱ» አለችው። እጁን መለሰ። ያንን የሚያህል ጎማ ብቻውን የሚያነሳ ሰው በአንዲት ስስ ነጠላ ተይዞ መንገድ ጀመረ። ረዳቱ መኪናውን እያዘገመ ከኋላ ተከተለን።

እናቴ እየሄደች ነገረችው። ስለ ልጅቷ፣ ስለ ክላክሱ፣ ስለ ቀሚሷ። አባቴ «ነፍሷን ይማር፣ ነፍሷን ይማር» ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ታዲያ እኔ አሰብ አልነበርኩም?» ይላል። ባለሱቆቹ ከየሱቃቸው ወጡ። ጎሚስታው ጎማውን ጥሎ ቆመ። ፖሊስ ጣቢያው ደጃፍ ስንደርስ ሹሙ በሳቅ ፈርሶ «የባልና የሚስት ጠብ ለሽማግሌ ነው!» አለን። እናቴ ዞር ብላም አላየችው። እኔ ግን በእፍረት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እናቴን የጠላኋት ቀን ቢኖር ያ ነው።

ደጃችን ስንደርስ አባቴ ፈነዳ። «በቃ! አሁን ይበቃል! ምን አጠፋሁ? ሰው ገጨሁ? ሸሸሁ? ልጆችን ማስደሰት ከመቼ ወዲህ ነው ወንጀል የሆነው?» ከእስር የወጡት አባቶች ሳይቀሩ «እውነቱን ነው» አሉ። «ፍቺው አንቺ፣ ነውር ነው» አሉ እናቴን። ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱና «ከሳሽ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። እናቴ ቀስ ብላ ወደ ጎረቤታችን ግቢ አመለከተች።

እትዬ በሯ ላይ ቆማ ነበር። ጥቁር ለብሳለች። በሩን ገርበብ አድርጋ ትታው ወደ እኛ መጣች። አባቴ ሲያያት ጎንበስ አለ።

«እኔ አልከስዎትም ጋሼ» አለችው፣ በዚያ በተሰበረ ድምጿ። «ልጄን እንደሚወዷት አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። ይውጡና ያቺን ክላክስ ይንፉልኝ።»

መኪናው ደጃችን ቆሟል፣ ሞተሩ ጠፍቷል፣ መንገዱ ላይ አንድ ልጅ የለም። አባቴ «ምን ያደርግልሻል?» አላት። «ይንፉልኝ» አለች። ጋቢናው ላይ ወጣ። ቋጠሮው አልተፈታምና እናቴም ቀሚሷን ሰብስባ ተከትላው ወጣች፤ የሃያ ሠፈር ሰው ሲሳፈርበት የኖረውን መኪና እሷ ረግጣው አታውቅም ነበር።

ነፋው። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።

እግዚኦ! መጀመሪያ የቆርቆሮ በር ሲንኳኳ ተሰማ። ከዚያ ልጆቹ መጡ። በር የተዘጋበት በአጥር ሾልኮ፣ አሮጊት የያዘችው እጇን ነክሶ፣ ከግራም ከቀኝም፣ ቀሚሳቸውን ሸሚዛቸውን ሰብስበው «ጋሼ መጡ! ጋሼ መጡ!» እያሉ ግራ ቀኝ ሳያዩ አስፋልቱ ላይ ፈሰሱ። ከሁሉም ፊት ትንሹ ወንድሜ ነበር፣ ሱሪ እንኳ ሳያደርግ። እናቶቹ «ኧረ ልጄን! ልጄን!» ብለው ተንጫጩ። ነገሩን ሁሉ ሳይ የዋልኩት እኔ እንኳ፣ ወደ ታች ሳይ እግሬ አስፋልቱን ረግጧል፤ ማሰሮውን አስቀምጬ የቀሚሴን ጫፍ ይዣለሁ። መቼ እንደያዝኩት አላውቅም።

አባቴ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ በመስኮቱ ያያል። ልጆቹ ከሥሩ ቀሚሳቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ። የሚበትነው አልነበረውም።

እትዬ ልጆቹን አላየቻቸውም። ፊቷን ወደ ራሷ ግቢ አዙራ፣ ገርበብ ያለውን በር ትክ ብላ ታያለች። የሚወጣ ሰው እንደምትጠብቅ ጠበቀች። ሰውም ሁሉ አብሯት በሩን አየ። ከዚያ በር ማንም አልወጣም።

አባቴ ከጋቢናው ሲወርድ ወደቀ ብል ይሻላል፤ እናቴም በቋጠሮው ተስባ አብራው ወረደች። እትዬ እግር ሥር ተደፍቶ እንደ ሕፃን ሲንሰቀሰቅ አየሁት። አባቴ ሲያለቅስ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። እትዬ ጎንበስ አለችና ነጠላውን ከሸሚዙ ቀስ ብላ ፈታችው፤ ጫፉንም በእጇ አስተካክላ እናቴ ትከሻ ላይ መለሰችላት።

«ይነሱ ጋሼ» አለችው። «ልጆቹን ከአስፋልቱ ላይ ያንሱልኝ፤ መኪና ይመጣል።»