ዝም ያለው ወረፋ

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሁሉም «ወረፋ አስከባሪዋ» ነበር የሚላት፤ እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው እየተባለ ይቀለድባታል። እሷም አትቀየምም። የስልክ መሥመሮች በሚገናኙበት ሳጥን ውስጥ ጥፍር የምታክል ቺፕ አለች። የሰው ድምፅ፣ ፎቶው፣ ቪዲዮው ሁሉ እኩል እኩል ተቆራርጦ እዚያች ቺፕ ደጃፍ ላይ ይሰለፋል። ቁራጮቹን ሴል ይሏቸዋል። በሩ አንድ፣ ሰልፈኛው ብዙ ነው። የትኛው ሴል መቼ ይለፍ የሚለውን ሕግ የምታወጣው እሷ ነበረች።

እናቷ ተጋፍተው የማያውቁ ሴት ናቸው። ዳቦ ቤትም ሆነ ሐኪም ቤት ሲሰለፉ «የቸኮለ ይቅደም፣ እኔ ምን አለብኝ» እያሉ ወደኋላ ይቀራሉ። ልጅቷ አጠገባቸው ቆማ እግሯ ሲዝል አንጀቷ ያርር ነበር። ስታድግ ዝምተኛ የማይረገጥበት ወረፋ ልትሠራ ለራሷ ቃል ገብታ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ ሠርታውም ነበር። በሩ ወረፋዎቹን በየተራ ይዞራል፣ ከየአንዳንዱ አንድ ሴል ያሳልፋል፣ አለቀ።

ችግሩ የመጣው ይፍጠን ሲባል ነው። በሩ ባዶ ወረፋ እየጎበኘ ጊዜ ያባክናል ተባለ። እሷም ደጋግሞ ባዶ የተገኘ ወረፋ እንዲተኛ አደረገች፤ በሩ ፋታ ሲያገኝ ብቻ ሄዶ ያየዋል፣ ሴል ካገኘበትም ይቀሰቅሰዋል። ቺፗ ፈጠነች፤ ሁሉም ደስ አለው። ሙከራ ላይ መሥመሮቹን ሁሉ ስታጨናንቅ ግን አንዲት ሴል የተኛ ወረፋ ውስጥ እንደገባች ቀረች። በሩ ፋታ ስላላገኘ የተኛውን ወረፋ ዞር ብሎ አላየውም። ውጤቱን ይዛ አለቃዋ ቢሮ ገባች።

«ለአንዲት ሴል?» አሉ አለቃዋ እየሳቁ። «ከተማው ሁሉ ባንድ አፍ ካልጮኸ በቀር እንዲህ አይጨናነቅም። በዚህች የተነሳ ዕቃውን እናዘግይ?»

«የቀረችው ሴል የማን እንደሆነች አናውቅም እኮ።»

«አንቺ ደግሞ! በሚቀጥለው ታስተካክይዋለሽ።»

መሟገት ነበረባት። እንደ እናቷ ወደኋላ አለችና «እሺ» ብላ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሆነ ነገር ረስታ የወጣች እየመሰላት መንገድ ላይ ትቆማለች።

የእናቷ ጉልበት እየደከመ ሲሄድ አንገት ላይ የሚንጠለጠል የአደጋ ጥሪ ቁልፍ አመጣችላቸው። ሲጫኑት ለእርዳታ ማዕከሉ አንዲት ትንሽ መልእክት ይልካል። ቀይ መብራት ከሆነ መልእክቱ ገና ነው፣ አረንጓዴ ከሆነ ደርሷል፤ ማዕከሉም በቁልፉ በኩል መልስ ይሰጣል። ከስንት አንዴ ካልሆነ ድምፁ የማይሰማ መሥመር ነው። ስታጠልቅላቸው በመስኮት ወደ ውጭ አየች። ሠራተኞች የመንገዱ ማዕዘን ላይ የእሷ ቺፕ ያለችበትን አዲስ ሳጥን እየሰቀሉ ነበር። ከተማ ባንድ አፍ አይጮኽም አለች በልቧ፤ የአለቃዋን ቃል ነበር የምትደግመው።

የዋንጫው ጨዋታ ዕለት አመሻሹ ላይ ከተማው ሁሉ ስልኩ ላይ ተተከለ። እናቷ ጋ ብትደውል ብትደውል አልገባ አለ። ጫማዋን እንኳ በወጉ ሳታስር ሮጠች። መንገዱ ጭር ብሏል፤ ከየመስኮቱ የሚወጣው ግን አንድ ዓይነት ጩኸት ነበር። ጩኸቱ ውስጥ ሁሉም መሥመር ሞልቶ፣ በሩ ያለ ፋታ ሲዞር ታያት።

እናቷ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ወድቀዋል። እግራቸው ከሥራቸው ታጥፏል፣ ከንፈራቸው ነጥቷል። ቁልፉን በሁለት እጃቸው ይዘውታል፤ መብራቱ ቀይ ነው።

«እማዬ! መቼ ነው የወደቅሽው?»

«ፀሐይ ሳለች። ተጫንኩት እኮ፣ ልጄ። ከኔ የባሰበት ሰው ይኖራል ብዬ ዝም አልኩ።»

ወጥታ የጎረቤቱን በር ደበደበች። ሰውየው ስልኩን እንደያዘ ወጣ፤ ፊቷን ሲያይ የወንድሙን መኪና ሊያመጣ ሮጠ። እሷ ተመልሳ የእናቷን ራስ ጭኗ ላይ አደረገች። በራሷ ስልክ ማዕከሉን ሞከረች። ወደ ማዕከሉ የሚሄደው ሁሉ የሚያልፈው በዚያው ሳጥን፣ በዚያው የተኛ ወረፋ ነው። ምን እየጠበቀ እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ እሷው ናት ያስተኛችው። ኧረ እባካችሁ ዝም በሉ ብላ ግድግዳውን በጡጫ መታችው። ማንም አልሰማትም፤ ጎል ገብቶ ነበር።

«ተራዬ አልደረሰም?» አሉ እናቷ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«ደርሷል፣ እማዬ። መጡ።» በሕይወቷ ዋሽታቸው አታውቅም ነበር።

እናቷ ራሳቸውን በቀስታ ነቀነቁ። እጃቸው እጇ ውስጥ እየቀዘቀዘ ሄደ። እያሻሸች በትንፋሿ እፍ ትልበታለች፤ ስማቸውን እየደጋገመች ትጠራለች።

ጨዋታው አለቀ፤ መኪናው ገና አልመጣም። ጩኸቱ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው እየቀነሰ ሄዶ ሰፈሩ ፀጥ አለ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነና ከቁልፉ ውስጥ የአንዲት ወጣት ሴት ድምፅ ወጣ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ የእርዳታ ማዕከል ነው። ምን እንርዳዎት?»

እናቷ በዘመናቸው ሙሉ ሰላምታ ሳይመልሱ ቀርተው አያውቁም ነበር።