ከአልጋው ሥር የገባው ባትሪ

ነገሩ በጠቅላላው ያስወጣኝ አንዲት በቅሎና አንድ ዓይን ነው። ዓይኑ የእኔ አይደለም።

ከአጎቴ ጋር በቅሎ እንነግዳለን። ከመርሳ ገዝተን ወልድያ፣ ከወልድያ ገዝተን ሐራ፤ ዋጋው ወደሚስቅበት። አጎቴ ይመርጣሉ፣ እኔ እከራከራለሁ። የበቅሎ ዕድሜ ከሩቅ አይተው ይናገራሉ። ጥርስ ገልጦ ማየት የጀማሪ ሥራ ነው ይሉ ነበር።

ችግራችን ማደሪያ ነበር። አልጋ ቤት ሰው ይቀበላል እንጂ በቅሎ አይቀበልም፤ በቅሎን ደጅ አስሮ መተኛት ደግሞ ለሌባ መርቆ መስጠት ነው። ስለዚህ አሮጌውን የጭነት መኪናዬን በጣውላ ለሁለት ከፈልኩት። ከኋላ በቅሎዎቹ፣ ከፊት እኛ፤ ሁለት አልጋ፣ አንዲት ትንሽ መስኮት። ጣሪያው ላይ የፀሐይ ሰሌዳ አሰርኩ። የቀረው ባትሪ ነበር፤ አምፖሉ እስኪነጋ እንዲበራ፣ ጅቡም ሌባውም እንዲያየው።

ወልድያ ባትሪ የምትሸጥ አንዲት ሴት ሁለት ዓይነት አቀረበችልኝ። አንደኛው ሊትየም ነው አለችኝ። ባንድ እጄ አነሳሁት። ልማድ ሆኖብኝ የምገዛውን ሁሉ እንደ በግ ብድግ አድርጌ ነው የምመዝነው። ይኼ የከሳ ጠቦት ነው። ሁለተኛውን፣ አሲድ ያለበትን ሳነሳ ወገቤ ተናገረ።

«የበላ ማለት ይኼ ነው» አልኳት።

«እሱ ሲሞላ ጋዝ ያወጣል። የምትተኙበት ቦታ አታስገቡት። መቆጣጠሪያም ያስፈልገዋል፣ ፀሐይዋ ከልክ በላይ እንዳትሞላው።»

አጎቴ ከኋላዬ ሳቁ። «ፀሐይንስ ከአላህ ሌላ ማን ይቆጣጠራታል፣ ልጄ?»

«እንግዲህ አባባ፣ እኔ ተናግሬያለሁ» አለች። እሷ አልሳቀችም።

ከባዱን ገዛን፤ መቆጣጠሪያውን ተውነው። ባትሪውን ውጭ ብናስረው ይሰረቃል ብለን ከአጎቴ አልጋ ሥር አስገባነው። አጎቴ ደግሞ ነፋስ ይፈራሉ። በእኛ አገር ሚኒባስ የተሳፈረ ይረዳኛል፤ ሰው በላብ እየተጠመቀ እንኳ መስኮት የከፈተውን እንደ ነፍሰ ገዳይ ነው የሚያየው። አጎቴ መስኮቱን ዘግተው አላበቁም፤ ዙሪያውን በጨርቅ ጠቀጠቁት።

«ጋሼ፣ ሴትዮዋ እኮ ጋዝ ያወጣል ብላለች።»

«ያውጣ። እኔን ነፋስ ከመታኝ የምትቀብረኝ አንተ ነህ።»

መጀመሪያ ላይ አምፖሉ እንደ ሰርግ ቤት በራ። ከዚያ የባትሪው ጎን ማበጥ ጀመረ። ክፍሉ የተበላሸ እንቁላል ሸተተ። እኔ አጎቴን ጠረጠርኩ፣ አጎቴ እኔን። ጠዋት ጠዋት ዓይናችንን ይቆጠቁጠናል፤ ራሳችንን ይከብደናል። አየሩ ነው እንላለን።

ሲሪንቃ ላይ አራቱን በቅሎዎች ውኃ አጠጥተን ስንመልስ ቡላዋ በቅሎ መወጣጫው ላይ እግሯን ተክላ እምቢ አለች። ጆሮዋን ወደ አልጋችን በኩል ቀስራ፣ አፍንጫዋን ነፍታ ቆመች። ጎትተን ገፍተን ነው ያስገባናት። አጎቴ ትኩር ብለው ያይዋት ነበር።

«ይቺ አንድ ነገር ገብቷታል» አሉ።

«እባብ ይሆናላ።»

«እባብ ቢሆን ትረግጠው ነበር።»

ይህን ያሉት ሰው አልጋቸው ላይ ወጥተው የመስኮቱን ጨርቅ አጠበቁ።

በማግስቱ ሐራ ከገበያው ዳር አቆምን። መኪናው እንደተዘጋ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ስትቀቅለው ዋለች። አመሻሹ ላይ በቅሎዎቹን ደጅ ሳስር አጎቴ ገብተው መብራቱን አበሩ። ብልጭ ብሎ ጠፋ።

«ሽቦው ላልቷል። ቢላህን አቀብለኝ።»

አቀበልኳቸው። ወደ አልጋው ሥር ጎንበስ አሉ። «ቢስሚላህ» ሲሉ ሰማሁ።

ጎማ የፈነዳ ነበር የመሰለኝ፤ ለካ የቢላው ብልጭታ ጋዙን አቀጣጥሎ ባትሪው ፈንድቶ፣ አሲዱ ተረጭቶባቸው ነው። አጎቴ ፊታቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ በሌላው ጣውላውን እየዳበሱ ወጡ። «ውኃ» ብቻ አሉ። ለበቅሎዎቹ የያዝኩትን ጀሪካን ፊታቸው ላይ አፈሰስኩ፤ ሲያልቅ ሌላውን። ቡላዋ ገመዷን በጥሳ ወደ ባቡር ሐዲዱ ነጎደች። ዞር ብዬም አላየኋት። በኋላ ጠይቄ ጠይቄ፣ አየሁ የሚል ሰው አላገኘሁም።

ወልድያ ያየን ሐኪም፣ ግራ ዓይናቸውን ያተረፈው ውኃው ነው አለኝ። ስለ ቀኙ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም።

ከዚያ ሊትየሙን ገዛሁ፣ ከነመቆጣጠሪያው። ሳነሳው አሁንም ቀለለኝ። ሴትዮዋ አጎቴ መኪናው ውስጥ መቀመጣቸውን አይታ፣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ባትሪው አሁን ውጭ፣ በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ነው።

አጎቴ መስኮቱን ራሳቸው ይከፍታሉ። በቅሎም ዛሬም የሚመርጡት እሳቸው ናቸው፤ ግን ቀረብ ብለው ጥርሷን ይገልጣሉ። ያን ጊዜ እኔ ዋጋ የምከራከር መስዬ ወደ ሌላ በኩል እዞራለሁ።

ቀሪው ይኸው ነው፤ ሦስት በቅሎ፣ ሁለት ሰው፣ ሦስት ዓይን።