በለጠ የደፈነው ቱቦ

በለጠ ከኢየሩሳሌም በመኪና አንድ ሰዓት የሚርቀው የሻዓራይም ሰፈር ነዋሪ፣ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነው። በሥራው የሚያመሰግነውም የሚወቅሰውም የለም። የሚኮራበት ነገር ቢኖር የሚስቱን እናት እማማ ወርቂቱን በአሮጌ ነጭ መኪናው ማመላለሱ ነበር። ሐኪም ጋም፣ ለቅሶም፣ ሠርግም የሚወስዳቸው እሱ ነው። ሌላ ሰው ልውሰድዎ ቢላቸው "በለጠ አለልኝ" ይላሉ።

እንዲህ እያለ የሚስቱ ታናሽ እህት አያላ ጊልን አገባች። ጊል እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛው ከዕብራይስጥ የተቀላቀለ፣ ሳቂታ ሰው ነው። መኪናው የበለጠ መኪና መንትያ ናት፤ ሥሪቷም ዘመኗም ቀለሟም ያው። አንድ ሐሙስ እማማ ወርቂቱ ኩፓት ሆሊም፣ ክሊኒካቸው፣ የሄዱት በጊል መኪና ነው። የሚቀጥለው ሐሙስም እንደዚያው።

በለጠ አላስችል ብሎት ጠየቃቸው።

"ያንተ መኪና ዘይት ዘይት እየሸተተ ራሴን ያመኛል" አሉት። "የጊል አትሸትም።"

ነገሩ ሆዱ ገብቶ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ጊል ደጃፉ ላይ ሲያቆም በመስኮት ቆሞ ያዳምጣል። የጊል ሞተር ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ሚኒሞ ላይ፣ ሳትንገጫገጭ ትሠራለች። የእሱ ታፏጫለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ የትራፊክ መብራት ጋ ስትደርስ ልትጠፋ ምንም አይቀራት።

"ጋሼ፣ ኮፈኑን ክፈትና ልየው" አለው ጊል አንድ ቀን። "የእኔም እንዲህ ታደርግ ነበር።"

"ቤሰደር ናት፤ ምንም አልሆነችም" አለና በሩን ዘጋው። አማቱን ወስዶበት ደግሞ መኪናውን ሊወስድበት!

ጊል ዞር ሲል ኮፈኑን ራሱ ከፈተ። ፉጨቱ የሚመጣው ከሞተሩ ራስ ወደ አየር ማስገቢያው ከሚሄደው፣ ተሰንጥቆ ዘይት ካላበው ቱቦ ነው። ሙሳክ፣ ጋራዥ፣ ቢወስዳት ደግ ነበር፤ ግን የሙሳኩ ባለቤት ኮቢ የጊል ጓደኛ ነው። ስለዚህ ቱቦውን ነቅሎ ጣለና የተነቀለበትን ሁለቱንም አፍ በጎማና በቡሎን ወትፎ በሽቦ ጠረቀመው። ሞተሩን ሲያስነሳ ፉጨቱ የለም፤ ሽታውም የለም።

የሲግድ በዓል ለት ጠዋት፣ ኢየሩሳሌም ሊወጡ ሲሉ፣ የመኪናውን በር ከፍቶ "ይግቡና ያሽትቱ" አላቸው። እማማ ወርቂቱ አሸተቱና "እውነትም" ብለው ከፊት ተቀመጡ። ሚስቱ ይታየሽ ከኋላ ገባች። ጊልና አያላ በራሳቸው መኪና ተከተሏቸው። በለጠ እስከ ዳገቱ ድረስ ዓይኑን ከመስተዋቱ አልነቀለም፤ ጊል ከኋላ መቅረቱ ደስ ብሎት።

የኢየሩሳሌም ዳገት ሲጠነክር ሽታው መጣ። ቀጥሎ ከኮፈኑ ሥር ጭስ ተነሣ። ዳር ይዞ ሲያቆም ጊልም ከኋላው ቆሞ እየሮጠ ደረሰ። ኮፈኑ ሲከፈት የዘይት መለኪያው ዘንግ ከቀዳዳው ተስፈንጥሮ ወጥቷል፤ የተረጨው ዘይት በጋለው ብረት ላይ ይጨሳል።

"ይህን ማን ደፈነው?" አለ ጊል።

"እኔ ነኝ።"

"ሞተር እኮ ይተነፍሳል፣ ጋሼ። በፒስተኑ ጎን የሚያመልጠው ጋዝ በዚህ ይወጣና ተመልሶ ይቃጠላል። መውጫ ካጣ ዘይቱን ባገኘው ቀዳዳ ይገፋዋል። የእኔ የመተንፈሻው ቫልቭ ተበላሽቶ ነበር፤ ከነቱቦው ቀየርኩት።"

ጊል መኪና ጎታች ሊጠራ ስልኩን ይዞ ራቅ አለ። እማማ ወርቂቱ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ወደ በለጠ ተጠጉ።

"እኔን ብለህ ነው የደፈንከው?"

በለጠ የመለኪያውን ዘንግ በጨርቅ ይጠርግ ጀመር።

"ጊልን ምን ብዬ እንቢ ልበለው?" አሉት። "እናት የሞተችበት ልጅ ነው።"

"የእኔስ እናት?" አለ በለጠ፣ ድምፁ ከፍ ብሎ። "አዲስ አበባ ቀብሬያት አይደል አውሮፕላን የተሳፈርኩት?"

እሳቸው መኪኖቹ ሲያልፉ ጥቂት አዩና "ላንተማ ስንት ዘመን እናት ሆንኩህ" አሉት። "ለእሱ ገና መጀመሬ ነው።" ክንዱን ያዝ አድርገው ለቀቁትና በጊል መኪና ሄዱ። በለጠ ይታየሽንም ከእናቷ ጋር ሰደዳት። እሱ ጎታቹን ሊጠብቅ መንገድ ዳር ብቻውን ቆሞ፣ ነጯ መኪና ኩርባውን እስክትዞር ድረስ ዓይኑን አልነቀለም።

ከበዓሉ በኋላ ጊል መጥቶ ቫልቩንም ቱቦውንም ቀየረለት፤ በለጠ የእጅ ባትሪ አበራለት። አሁን አንዱን ሐሙስ እሱ፣ ሌላውን ጊል ይወስዳቸዋል። ተራው የጊል ሲሆን ግን በለጠ ምሳ አይወርድለትም።

"ምን ሲያወሩ ይሆን?" ይላል ለይታየሽ።

"እኔ ምን አውቃለሁ?" ትለዋለች። "ብላ፣ ይቀዘቅዝብሃል።"