ጋሽ ዋቅጅራ ዘንድ የተቀመጠው ፖስታ

ሲምረት ገብረሃና ዘጠኝ ዓመቷ ላይ የላምባ ምድጃ ፈነዳባትና ቀኝ እጇ ተቃጠለ። አምስት ወር ሆስፒታል ተኛች። ስትወጣ ሦስቱ ጣቶቿ አልታዘዝ ብለዋት ነበር። እናቷ ወይዘሮ ትርሓስ አላለቀሱም፤ ቢያንስ ልጃቸው ፊት አላለቀሱም። ጠመኔ ገዝተው፣ በካዛንቺሱ ቤት የእንጨት በር ላይ በግራ እጇ መጻፍ አስለመዷት። ልጆቹ ትምህርት ቤት «ግራኟ መጣች!» ይሏት ነበር። በሒሳብ አንደኛ እየወጣች ዝም አሰኘቻቸው።

ያ ቤት ዛሬ ሰፊ መንገድ ሆኗል። ሲምረት አሁን አርባ ሁለት ዓመቷ ነው። ቂርቆስ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከእናቷ ጋር ትኖራለች፤ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ታስተምራለች። ጎረቤቶቿ «ዶክተር» ሲባል ሰምተው ልጅ በታመመ ቁጥር ያንኳኩባት ነበር፤ የአቶም እንጂ የሰው ዶክተር እንዳልሆነች ሲገባቸው ተዉአት።

ፕሮቶን ውስጥ ኳርክ የሚባሉ ቅንጣቶች አሉ። ፕሮቶኑ ሲሮጥ ከሩጫው ስንት እጁን እነሱ ይሸከማሉ? የሲምረት ጥያቄ ይህ ነው። በወረቀት ስለማይፈታ፣ ቦታንና ጊዜን እንደ መስኮት ፍርግርግ ከፋፍለው በትልቅ ኮምፒውተር ያሰሉታል። ኮምፒውተሩ ባሕር ማዶ ነው፤ እሷ ከቤቷ በኢንተርኔት ታዘዋለች። አራት ዓመት ፈጀባት።

መልሱን ግን ቤተ ሙከራዎች በሌላ መንገድ ለክተውታል። የሚፈለገውን ቁጥር የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሳይታወቀው ስሌቱን ወደዚያው ይገፋል። ስለዚህ ባልደረባዋ ኢያቄም ከኮምፒውተሩ የወጣውን ውጤት ሁሉ እሱ ብቻ በሚያውቀው ቁጥር አባዝቶ ሰጣት። ስትጨርስ በዚያ ቁጥር ታካፍላለች። ቁጥሩ በፖስታ ታሸገ። ኢያቄም ሁለት ጊዜ ከተለመነ የሚናገር ሰው ስለሆነ፣ ፖስታውን ምድር ቤት ላሉት ልብስ ሰፊ፣ ለጋሽ ዋቅጅራ አስረከበች፤ «ሳልጨርስ ብለምንዎትም እንዳይሰጡኝ» ብላ።

ሥራዋን ባልደረቦቿ ፊት የምታቀርበው ሰኞ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ሱቃቸው ገባች።

«ጋሼ፣ ያንን ፖስታ ይስጡኝማ።»

«ጨረስሽ?»

«እንደጨረስኩ ይቁጠሩት።»

«እንደተሰፋ የሚቆጠር ሱሪ አስረክቤ አላውቅም።» መርፌያቸውን ሰኩ። «እንዳይሰጡኝ ያልሽው አንቺው አይደለሽም?»

«ነኝ። በቃ፣ ሐሳቤን ቀየርኩ።»

«እኔ አልቀየርኩም።»

«ጋሼ ደግሞ! አሁን ካየሁት፣ ተሳስቼ ብገኝ እንኳ እስከ ሰኞ አርመዋለሁ።»

«ምኑን አይተሽ ነው የምታርሚው?»

ሲምረት ያኔ ገባት። የምታርመው ውጤቷን ከቤተ ሙከራው ቁጥር ጋር አስተያይታ ነበር።

«ሂጂ ልጄ፣» አሏት ጋሽ ዋቅጅራ፣ «እሱ እዚሁ ነው።»

ወጥታ ሥራዋን እንደ አዲስ አየችው። ፕሮቶኑ ፍርግርጉ ላይ ሲፈጠር እንደ ድፍርስ ውሃ ነው፤ እስኪጠራ መጠበቅ ያሻል። ብዙ ሲጠብቁት ግን ስሌቱ መዋዠቅ ይጀምራልና የጥርጣሬው ወሰን፣ ማለትም መልሱ ከዚህ እስከዚህ ነው የሚባልበት ክልል፣ ይሰፋል። ሲምረት ጠባብ ወሰን አምሯት፣ ሳይጠራ ቀድታ ኖሯል። አሁን አዘግይታ ቀዳች። ቁጥሩ በአንድ አምስተኛ ወረደ፤ ወሰኑ እጥፍ ሆነ። በእስክሪብቶ ጽፋ ፈረመችበት።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ወረቀቷን ይዛ ወረደች። «ጨረስኩ» አለች። ጋሽ ዋቅጅራ ፖስታውን በመቀሳቸው ቀደው ቁጥሩን አነበቡላት። አካፈለች፤ ደግማ አካፈለች። የቤተ ሙከራው ቁጥር እሷ ከጻፈችው ወሰን ውስጥ ገብቶ ተገኘ። የሐሙሱን ብታካፍል ኖሮ ከቤተ ሙከራው ቁጥር በላይ ይወጣ ነበር።

«ገጠመ?»

«ገጠመ። ወሰኑ ግን ሰፊ ነው» አለች እየሳቀች።

«ታዲያ ምን ያስቅሻል?»

«መግጠሙ ደስ ብሎኛል ጋሼ፣ አልዋሽዎትም። ግን ሐሙስ ዕለት ሰጥተውኝ ቢሆን ኖሮ፣ ይህ ቁጥር የራሴ ይሁን ከሰው የገለበጥኩት ዕድሜ ልኬን ሳላውቅ እኖር ነበር። ለእኔ ትልቁ ነገር እሱ ነው። እምቢ የሚለኝ ሰው ነበረኝ።»