ወደ ኋላ የዞረው ሞተሪኖ

ባለፈው ሳምንት ከአዘዞ ወደ ፒያሳ የተሳፈርኩበት ታክሲ መሃል መንገድ ላይ ቀጥ አለ። ሹፌሩ ቁልፉን ቢያዞር ቢያዞር ከ«ቀጭ» በቀር መልስ የለም። «ሞተሪኖው ነው፤ ውረዱና ግፉልኝ» አለን። ሻሼን አጥብቄ እየገፋሁ ብቻዬን ሳቅሁ። ከሞተሪኖ፣ ከዚያ መኪና ማስነሻ ሞተር ጋር የቆየ ትውውቅ አለን።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እዚሁ ጎንደር ቴክኒክ እማራለሁ። በዚያ ሰሞን የተማሪው ወሬ ሁሉ ስለሚዋጉ ሮቦቶች ነው። በኖራ በተሰመረ ክብ ውስጥ ሁለት ማሽኖች ይገፋፋሉ፤ ከመስመሩ የወጣው ተሸነፈ። አባቴ ቅዳሜ ገበያ አሮጌ የመኪና ዕቃ ይሸጥ ነበርና፣ ኮላ ድባ ላይ ከተፈታቱ ፒካፖች ለእኔና ለቡድኔ ልጆች ሁለት ሞተሪኖ በጆንያ አመጣልን። ወሩ ጥር ነው፤ እዚያው ጆንያ ውስጥ የሽምብራ እሸት ጨምሮበታል። ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተንም ጨረስነው።

ሞተሪኖዎቹን በሞተር ሳይክል ሰንሰለት ከግራና ከቀኝ ጎማ ጋር አገናኘን። ማሽናችን ወደፊት ሲገፋ የሚያቆመው የለም። ወደ ኋላ ግን አልሄድ አለ።

«የባትሪውን ፕላስና ማይነስ አለዋውጪው» አለኝ የቡድናችን አለቃ መላኩ።

አለዋወጥኩት። ወደፊት! በእልህ ደገምኩት፤ አሁንም ወደፊት። ውድድሩ ነገ ነው፣ ወንዶቹ ይስቃሉ፣ የእኔ አፍ ደግሞ አያርፍም፤ «ነገ ወደ ኋላ ካላስኬድኩት ቡድኑን እለቃለሁ» አልኩ። ከቡድኑ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ብለቅ እሰይ የሚሉም አልጠፉም።

ሞተሪኖዎቹን ይዤ ሮጬ አያ ገብሬ ዘንድ ሄድኩ። ከአባቴ ሱቅ ጎን የሞተሪኖ ሽቦ ሲጠመጥም ያረጀ የጃናሞራ ሰው ነው።

«አያ ገብሬ፣ ይሄን ወደ ኋላ እንዴት ላዙረው?»

«ምነው ልጄ! ወደ ኋላ መኪና ሲያስነሳ ያየሽው ማን አለ?» ብሎ ሳቀብኝ። «ይልቅ ሸጋ ትምህርት ይዘሻል፤ እሱን አጥኚ።»

ተናደድኩ፤ ከደጁ ግን አልሄድኩም። እዚያው ቁጭ ብዬ አንዱን ፈታሁት። ከባትሪው የሚመጣው ኤሌክትሪክ መጀመሪያ ቀፎው ላይ በተጣበቁት የሽቦ ጥምጥሞች ያልፍና ከዚያ መሃል ወደሚዞረው ይገባል። ለካ ባትሪውን ሳለዋውጥ ሁለቱንም አብሬ እየገለበጥኩ ኖሯል! መገልበጥ ያለበት አንዱ ብቻ ነው። የውጪውን ጥምጥም ጫፎች፣ ስፈልግ እንድገለብጣቸው ለብቻ አወጣሁ፤ ቀፎውን እንዳይነኩ በከመነዳሪ፣ በጎማ የውስጥ ላስቲክ ቁራጭ ጠቀለልኳቸው። ለሶላት ብቻ እየተነሳሁ፣ መግሪብ ሲደርስ ሁለቱንም ጨረስኩ። አያ ገብሬ አንዴም ቀና ብሎ ያየኝ አልመሰለኝም።

በማግስቱ ተጋጣሚያችን ያለ የሌለ ኃይሉን ይዞ መጣብን። ሊገጥመን ሲል አንዱን ጎማ ወደፊት፣ አንዱን ወደ ኋላ አልኩት። ማሽናችን በቆመበት ዞር አለና መንገድ ለቀቀ፤ ያኛው በራሱ ግፊት ኖራውን አልፎ ወጣ። መላኩ ቅባት በነካው እጁ ጨበጠኝ። የዚያን ቀን መሬት የረገጥኩ አይመስለኝም፤ አልደብቅም።

ሰኞ አያ ገብሬ በሱቃችን በር ብቅ አለ። «ልጄ፣ አንዴ ነይማ።»

ተከተልኩት። ወንበሩን በጋቢው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አድርጎ አስቀመጠኝና እሱ መሬት ላይ ቁጭ አለ። የተፈታ ሞተሪኖ አቀበለኝ።

«በይ አሳዪኝ። ቀስ እያልሽ ታዲያ፤ ዓይኔ ደክሟል።»

አሁን አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ አንዳንዴ እኔ የማላውቀውን ይዘው ሲመጡ፣ «አይሆንም» ለማለት አፌ ይቸኩላል፤ ያኔ ከወንበር መውረድ ምን ያህል እንደሚከብድ ይገባኛል። ማስተማር መቼ ጀመርሽ ለሚሉኝም ዲፕሎማዬን አልጠቅስም። የመጀመሪያው ተማሪዬ ሽበታም ነበር እላቸዋለሁ፤ ይህን ስል እስከዛሬ ደረቴ ይነፋል።