ሁለት መቶ ዘጠና ሰባት ቀን

ጉርድ ሾላ ባለው ቢሮዬ፣ ከሰርቨሮቹ ክፍል በር ሥር የሚወጣው ሞቅ ያለ አየር አቧራ አቧራ ይሸታል። ያ ሽታ አፍንጫዬ በገባ ቁጥር የካ የተማርኩባት የኮሌጃችን ላብራቶሪ ትታየኛለች፤ የባሕር ዛፉ ጥላ በመስኮት ገብቶ ኪቦርዶቹ ላይ ሲወዛወዝ፣ የቆርቆሮ ጣሪያዋ በፀሐይ ሲንጣጣ።

እዚያ አብራኝ የምትማር ጓደኛ ነበረችኝ። ሁለታችንም የቀበና ልጆች ነን፤ ጠዋት በአንድ ሚኒባስ እንሄዳለን፣ ስንመለስ በእግራችን እንወርዳለን። በውጤት እኔ እበልጣት ነበር። ይህን የማነሳው ለጉራ አይደለም፤ የሚመጣው ነገር እንዲገባህ ነው።

ትምህርት በጀመርንበት ቀን መምህራችን አንድ አሮጌ ሰርቨር ፊታችን አበሩና፣ «እስክትመረቁ ሳይጠፋ ከቆየ ጎበዞች ናችሁ» አሉን። ከዚያ ወደ ጓደኛዬ ዞረው፣ «አንቺ ጠብቂው» አሏት። ለምን እሷን? ፊት ወንበር ላይ የተቀመጥኩት እኮ እኔ ነበርኩ።

በየጠዋቱ ጥቁሩ ስክሪን ላይ «አፕታይም» የምትለዋን ትእዛዝ ትጽፋለች። ማሽኑ ከበራ ስንት ቀን እንደሆነው ይመጣል። ከጎኑ ሦስት ቁጥሮች አሉ፤ ባለፈው አንድ ደቂቃ፣ ባለፉት አምስት ደቂቃዎችና በሩብ ሰዓት ውስጥ ምን ያህል ሥራ እንደተጫነበት ይናገራሉ። «የመጀመሪያው ከመጨረሻው ከበለጠ ሥራ እየበዛበት ነው» ትለን ነበር፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ዛሬ መቶ አርባ ቀን ሞላው» ስትል ክፍሉ ያጨበጭባል። እኔም አጨበጭባለሁ፤ ከሁሉም ቀድሜ ግን አቆማለሁ።

መብራት ሲጠፋ ማሽኑ የተያያዘበት ባትሪ ብዙ አይቆይም። ክረምት ላይ ዝናብ እየመታት ወደ ጥበቃው ትሮጣለች፤ «ጋሼ፣ ጄኔሬተሩን ያስነሱልኝ በናትዎ» እያለች። ጫማዋ ጭቃ ለብሶ ስትመለስ መምህሩ ራሳቸው ወንበር ይስቡላት ነበር። ያን ወንበር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አሁን ሥሬ የሚሠሩ ልጆች አሉኝ፤ አንዷን ሳመሰግን የሌላዋን ፊት አያለሁ።

አንድ ጊዜ ለአክስቷ ለቅሶ ሱሉልታ ስትሄድ የይለፍ ቃሏን በጆሮዬ ነገረችኝ። «ካንቺ በቀር ለማን እሰጣለሁ? እይልኝ» አለችኝ። አየሁላት።

በተመለሰች በሳምንቱ መምህሩ ክፍል ውስጥ፣ «ይህች ልጅ እጇ የተባረከ ነው» አሉ። በማግስቱ ከሁሉም ቀድሜ መጣሁ። ጥበቃው በሩን ከፈቱልኝ። ቁጥሩን አየሁት፤ ሁለት መቶ ዘጠና ሰባት ቀን። ሦስቱ ቁጥሮች ዜሮ አካባቢ ነበሩ፤ ማሽኑ ሥራ የለውም። በእሷ ስም ገብቼ ጠፍቶ እንዲነሳ አዘዝኩት። ማራገቢያው ጸጥ አለ፤ ከዚያ እንደ አዲስ ጮኸ።

ጓደኛዬ መጥታ ስትጽፍ «ሃያ ሁለት ደቂቃ» የሚል መጣ። ደግማ ጻፈች። ሃያ ሦስት። ማንም አላጨበጨበም። መምህሩ ትእዛዙ በእሷ ስም መሰጠቱን ስክሪኑ ላይ አይተው፣ «የይለፍ ቃልሽን የሚያውቅ ሰው አለ?» ብለው ጠየቋት። ወደ እኔ አላየችም።

«የለም። እኔ ነኝ፣ ተሳስቼ ነው» አለች።

መምህሩ ማሽኑን የመጠበቁን ሥራ ለእኔ ሰጡኝ። በየጠዋቱ ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነባለሁ። ሰባት ቀን። አሥራ ሁለት ቀን። የሚያዳምጠኝ አልነበረም። መብራት ሲጠፋ ግን እሷ አሁንም ከእኔ ቀድማ ወደ ጥበቃው ትሮጥ ነበር። ያን ጊዜ እንኳ ቀናሁባት።

ልንመረቅ ሳምንት ሲቀረን፣ በእንጦጦ በኩል ደመናው ጠቁሮ፣ ወደ ቀበና እየወረድን ሳለ «ያን ቀን…» ብዬ ጀመርኩ።

«ተይው፤ አውቃለሁ» አለችኝ። ጥቂት ከተራመድን በኋላ፣ «መፈለግሽን ብትነግሪኝ ግን አብረን እንጠብቀው ነበር» አለች። ድምጿ ቁጣ አልነበረበትም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

የቀበና ወንዝ ጋ ስንደርስ ጉንጬን ሳመችኝና ወደ ቤቷ ታጠፈች። ከምረቃው በኋላ ቤተሰቦቿ ሰፈር ለቀቁ፤ ስልኳም ተቀየረ። አዲሱን የሚያውቁ የክፍላችን ልጆች አሉ። እስካሁን አልጠየቅኋቸውም።